ሰዓት ይሳሉ የተባሉት እናት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ እናንተ ከተማ ሆናችሁ እናት ወይም አባታችሁ አገር ቤት ያሉ፣ በስልክ ስታወሯቸው «ይሄን እኮ ቅድም ነግረውኛል» ማለት የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ለእናንተ ነው የጻፍኩት።

አንድ አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ እናቱን ከደባርቅ አካባቢ ይዟቸው መጣ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ነገሩን ያስተዋለው በ2017 ለገና አገር ቤት ሄዶ ነው። እናቱ አንዱን ወሬ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ አወሩለት። ወጥ ጥደው ረሱና አረረ። ደግሞ የማኅበር ተራቸው ደርሶ ሳይደግሱ ቀሩ። ጎረቤቶቹ «እርጅና ነው እንግዲህ» አሉት። እሱ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለው። የመንገዱ ነገር ስለሚታወቅ ከጎንደር በአውሮፕላን አመጣቸው።

እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ ታይተው ነበር። ልጁ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «14 ከ30» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ዲሜንሺያ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ቃሉን ጎግል አድርጎ ያልሆነውን ሁሉ አንብቧል። እናትየውን ምን ጠየቋችሁ እንዴት ነበር ስላቸው ሳቅ ብለው «ሰዓት ሳይ አሉኝ። እርሳስ ይዤ አላውቅ፤ በሰባ ዓመቴ ገና ያን ቀን ያዝሁ» አሉኝ።

ወረቀቱን ገለጥኩት። ሰዓት ይሳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያድርጉት። ይህን ሳጥን አስመስለው ይሳሉ። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ። የአውራሪስ ሥዕል አሳይቶ ይህ ምንድን ነው?

ይሄ መመርመሪያ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሞካ ይባላል፤ ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ጥሩ መሣሪያ ነው። ከ30 ነጥብ 26 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ደህና ነው ይባላል። ከእሱ በፊት በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤም ኤም ኤስ ኢ የሚባለው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ ይላል። ችግሩ ሁለቱም የተሠሩት ትምህርት ቤት ለገባ ሰው መሆኑ ነው። ሞካ ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ ሰው አንድ ነጥብ ይጨምራል። አንድ ነጥብ! ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም አንድ፣ ፊደል ላልቆጠረችው እናትም አንድ። እርሳስ ይዞ የማያውቅ እጅ ሳጥን መሳል አቃተው ማለት አእምሮው ተዳከመ ማለት አይደለም። አውራሪስንም ቢሆን ስሜን ተራራ ግርጌ ማን አይቶት ያውቃል?

እኔ በሌላ መንገድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ዕድሜያቸውን። የልደት ቀን አያውቁም፤ «በስድሳ ስድስቱ አብዮት ጊዜ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው?» አልኳቸው። «የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» አሉ። እንግዲህ ሰባ አካባቢ ናቸው ማለት ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው አላልኩም፣ ዛሬ ማን ነው አልኳቸው። «ትናንት ሚካኤል፣ ዛሬ እግዚአብሔር አብ፣ ነገ አቡነ አረጋዊ» አሉ ሳያቅማሙ። ቀኑ 13 ነበር፤ ልክ ናቸው። ዓመቱንስ? «ዘመነ ማቴዎስ።» ልክ ናቸው። በዚያኛው ወረቀት ላይ ግን በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት ተጠይቀው ዜሮ ተሰጥቷቸዋል። (ሙስሊም እናት ቢሆኑ ደግሞ ረመዳን ስንት ወር ቀረው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ነገሩ ሰውየው ጊዜን በምን ይቆጥራል ነው።)

ሒሳብ፦ «ሦስት ዶሮ እያንዳንዱን በ600 ብር ሸጠው የ400 ብር በርበሬ ቢገዙ ስንት ይተርፍዎታል?» ትንሽ አሰቡና «ሺህ አራት መቶ» አሉ። ቀጥለው «ግን ዶሮ በስድስት መቶ የት አገኘህ ልጄ?» አሉኝ። ይህ ሰው ሒሳብ አይችልም ብዬ ልጻፍ?

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ ጥሩልኝ ስላቸው የመጀመሪያው ጭላዳ ነበር፤ ገብሳቸውን የሚጨርሰው እሱ ነዋ። ከዚያ ጅብ፣ በቅሎ፣ ፍየል፣ ዋልያ እያሉ አሥራ ስድስት ደረሱ።

እዚህ ጋ ደስ ብሎኝ ልጁን «እናትህ ምንም አልሆኑም» ልለው ነበር። አላልኩም፣ ደግም አላልኩ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት አምስት ቃል ሰጥቻቸው ነበር፦ ገብስ፣ ቁልፍ፣ በቅሎ፣ ደመና፣ ነጠላ። ሁለት ጊዜ ደግመውልኛል። ሌላ ሌላ ስናወራ ቆይተን ስጠይቃቸው አንዱን ብቻ አስታወሱ። «አንዱ የእህል ስም ነበር» ብዬ ስረዳቸው ገብስን አገኙ። የቀሩት ሦስቱ ጠፉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ የዶሮውን ዋጋ እንደ አዲስ አነሱልኝ።

ልጁ አልተሳሳተም ማለት ነው። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው፤ እሱም ግማሽ በግማሽ። የሆነ ነገር አለ፣ ግን የተባለው ነገር አይደለም።

ይሄ በመሃል ያለው ነገር በሕክምና ማይልድ ኮግኒቲቭ ኢምፔርመንት ይባላል፤ ባጭሩ ኤም ሲ አይ። በአማርኛ መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ ልንለው እንችላለን። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ሰውየው ከዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ይረሳል፣ ወይም ቃል ይጠፋበታል፣ ወይም ነገር ማቀድ ያቅተዋል፤ ራሱም ሆነ ቤተሰቡ ከበፊቱ መለወጡን ያያሉ፤ ስንመረምረውም ይታያል። ግን ኑሮውን በራሱ ይኖራል። ይለብሳል፣ ይገበያያል፣ ገንዘቡን ይይዛል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል። አንዳንዱን ነገር ቀስ ብሎ ወይም በማስታወሻ ይሠራው ይሆናል እንጂ ሰው አይደግፈውም። ኑሮውን በራሱ መምራት ሲያቅተው ነው ዲሜንሺያ የሚባለው። መስመሩ ያለው እዚያ ላይ እንጂ 26 ወይም 14 የሚል ቁጥር ላይ አይደለም።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ከሌላ ሰው ሲወዳደሩ እንዴት ናቸው?» ሳይሆን «ከአምስት ዓመት በፊት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር ሲወዳደሩስ?» ነው። ይህን የሚያውቀው ሐኪም አይደለም፣ ቤተሰብ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ሌላ ሰው ልንገራችሁ። ከዳባት ወገን የመጡ መሪጌታ ነበሩ። ድጓውን በቃላቸው የያዙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲያጠኑና ሲያስጠኑ የኖሩ ሰው። የፈለጋችሁትን ፈተና ስጧቸው፣ ያልፋሉ። አምስቱን ቃል በቅደም ተከተል መለሱልኝ፣ ከዚያም በግዕዝ ተረጎሙልኝ። ባለቤታቸው ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እሱን ተወው» አሉኝ። «ያበደርነውን እህል ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ባለፈው ደግሞ ከገበያ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶበት ሰው ይዞት መጣ። አርባ ዓመት የሄደበት መንገድ።» ለእኚህ ሰው ውጤቱ 28 ቢሆንም እኔ ያመንኩት ባለቤታቸውን ነው። በደንብ የሠለጠነ አእምሮ ጉድለቱን ለረጅም ጊዜ መሸፈን ይችላል። ፈተናው ያልተማረውን በሌለበት በሽታ ሲከስሰው፣ የተማረውን ያለበትን በሽታ ይደብቅለታል።

ታዲያ ለእኛ አገር የሚሆን መመርመሪያ የለም ወይ? መንገዱ ተጀምሯል። 10/66 የሚባል የተመራማሪዎች ስብስብ አለ። ስሙ ራሱ ነገር ነው፦ በዚያን ጊዜ ዲሜንሺያ ካለባቸው ሰዎች 66 በመቶው የሚኖሩት በታዳጊ አገሮች ሲሆን፣ ከምርምሩ ግን 10 በመቶ እንኳ እዚያ አይሠራም ነበር። እነሱ ያልተማሩ አረጋውያንን መመርመርና ከቤተሰብ ጠይቆ መረዳትን አንድ ላይ አደረጉት። ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ሃይ በሚባለው፣ የኪሊማንጃሮ ግርጌ በሆነው ወረዳ የተሞከረ አይዲያ የሚባል አጭር መመርመሪያ አለ። እኔ በጣም የምወደው ነገሩ እርሳስ የለውም። ሰውየው በእርሳስ እንዲስል አይጠየቅም፤ በክብሪት እንጨት የተሠራ ቅርጽ ይታየውና እሱም በክብሪት እንጨት አስመስሎ ይሠራል። ክብሪት ደግሞ የትኛው ጓዳ ይጠፋል? የተራራ ግርጌ ገበሬ ለተራራ ግርጌ ገበሬ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እርግጥ እዚህ ሲመጣ በአማርኛ፣ በእኛ ሰው ላይ ተሞክሮ መለኪያው መስተካከል አለበት፤ ዝም ብሎ ተርጉሞ መጠቀም ያው የአውራሪሱን ስህተት መድገም ነው።

ይህን ለማድረግ ስሜን ግርጌ ጥሩ ቦታ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. ዳባት ላይ ያቋቋመው የምርምር ማዕከል አለ፤ በከተማም በገጠርም ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተሄደ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከአካባቢው ሄደ እየተባለ ለዓመታት ሲመዘገብ ኖሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹም ቢሆኑ የእያንዳንዱን ቤት ደጅ ያውቃሉ። እስካሁን የሚያንኳኩት በዋናነት ለእናቶችና ለሕፃናት ነው። እዚያው ቤት ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ቁጭ ያሉትን አያትም ዞር ብለው ቢያዩአቸው፣ ደም ግፊት ቢለኩላቸውና ምራታቸውን ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቁ ብዙ ነገር ይያዛል። የእኔ ሐሳብ ነው።

«እሺ ታወቀ እንበል፣ ምን ይደረጋል? መድኃኒት የለው!» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ለኤም ሲ አይ ተብሎ በየፋርማሲው የሚሸጥ እንክብል የለም። ውጭ አገር የወጡት አዳዲስ መርፌዎች ውድ ናቸው፤ ከመሰጠታቸው በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ምርመራና የአንጎል ምስል ይጠይቃሉ። ጥቅማቸውም መጠነኛ ነው። ግን ምርመራው የሚጠቅመው ለዚህ አይደለም። መርሳትን የሚያመጡ፣ ቢታከሙ የሚሻሉ ነገሮች አሉ። እነሱን ሳትፈልጉ «ጃጅተዋል» ማለት ነው ኃጢአቱ።

አንደኛ ጆሮ። ያልሰማውን ነገር ማን ያስታውሳል? በኩክ የተደፈነ ጆሮ ታጥቦ «ተመለሱልን» የተባሉ አያት አይቻለሁ። ዓይንም እንዲሁ፤ የዓይን ሞራ ሰውን ከሰው ይለያል፣ ከሰው የተለየ አእምሮ ደግሞ ይደክማል።

ቀጥሎ እንቅርት። ደጋ አካባቢ አዮዲን ስለሚያንስ እንቅርት የኖረ ችግር ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይዝላል፣ ይበርደዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይረሳል። በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በእንክብል ይታከማል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ፣ በፍስኩም ሥጋና ወተት እምብዛም የማያገኙ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ እናት ሊያንሳቸው ይችላል። (ጾም ይፍቱ እያልኩ አይደለም! ካነሰ በመርፌ ወይም በእንክብል ይሞላል።)

መድኃኒቶች። ይሄን ሁሉም ሰው ይንቀዋል። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ሲባል ከፋርማሲ የሚገዛው አሚትሪፕቲሊን፣ ዲያዜፓም፣ ለማሳከክና ለጉንፋን የሚሰጠው ፕሮሜታዚን ወይም ክሎርፌኒራሚን በአረጋውያን ላይ አእምሮን ያደበዝዛሉ። አረቄም በየቀኑ ከሆነ ያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሐዘን ነው። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ቤት ሐዘን ተቀምጧል። ከዚያም ወዲህ ሰላም የለም። ልጁን የቀበረ አባት አይበላም፣ አይተኛም፣ ስትጠይቁት «እንጃ» ይላል። ድብርት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሞክር «እንጃ፣ አላውቅም» ይላል፤ ኤም ሲ አይ ያለበት ይሞክርና ይስታል። ሁልጊዜ እንዲህ ተለይቶ አይመጣም፣ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮም ይመጣል። ግን ድብርት ይታከማል፣ ሲታከም ደግሞ ማስታወስም ይመለሳል።

ደም ግፊትን ለብቻው ላንሳው። አሜሪካ ውስጥ በተሠራና በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙ ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ ኤም ሲ አይ የመያዝ ዕድላቸው በ19 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን መድኃኒት እጥፍ እንዳታደርጉ! ግፊቱ ከመጠን በላይ ቢወርድ ያዞራቸውና ይወድቃሉ። ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ደባርቅ ያሉት እናት ላይ ስንፈልግ ምን አገኘን? ጆሯቸው ደህና፣ ታይሮይዳቸው ደህና፣ ቢ12ም ደህና። ግፊታቸው ግን 168 በ94፤ ተለክተው አያውቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ደግሞ አሚትሪፕቲሊን አወጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ለእንቅልፍ ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ወስደውታል። ልጁ አያውቅም። እዚያ ማዶ ያዩአቸው ሰዎችም አልጠየቁም።

ኤም ሲ አይ ያለበት ሰው ሁሉ ወደ ዲሜንሺያ አይሄድም። በማስታወስ ክሊኒኮች ከሚታዩት ውስጥ በዓመት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ይሄዳሉ። ሌሎች ባሉበት ይቆያሉ፣ አንዳንዶቹም ወደ ጤናቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ክትትል እንጂ ፍርድ አይደለም።

«ታዲያ ሁሉም አረጋዊ ይመርመር?» እዚህ ላይ እኔ ጠንቃቃ ነኝ። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2020 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አይቶ፣ ምንም ምልክት የሌላቸውን አረጋውያን ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እኔም ደህና ውለው የሚገቡ አባትን በስልክ አፕ እየፈተኑ ማስጨነቅ አልወድም። ለውጥ ካያችሁ ግን፣ ወይም ራሳቸው «ምነው ረሳሁ» ካሉ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ለውጡን ከሩቅ ሆናችሁም ማየት ትችላላችሁ። ስትደውሉ «ደህና ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላችሁ አትዝጉት፤ በዚህ መልስ ማንም ሰው ጤነኛ ነው። ባለፈው እሁድ ማን መጣ፣ የላክሁት ብር ምን ተገዛበት፣ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ምን ተወራ ብላችሁ ዝርዝር ጠይቁ። ከዚያ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ለብቻው አናግሩት፦ ወሬ ይደግማሉ? ዕቃ አስቀምጠው ያጣሉ? የለመዱትን ወጥ አሠራር ይስታሉ? ብር ሲቆጥሩ ይቸገራሉ? መንገድ ይጠፋባቸዋል? ጠባያቸው ተለውጧል? ከመቼ ወዲህ? በእነሱ ፊት አትጠይቁ፣ ታሳፍሯቸዋላችሁ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይህን የሚያውቀው ሰው አብሮ ይምጣ፤ ካልቻለ በስልክ ይግባ። መነጽራቸውን፣ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ቋጠሮውንም ጭምር ይዛችሁ ኑ። ትምህርታቸው እስከ ስንት እንደሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወረቀት ላይ ሳሉ ሲባሉ «እናቴ እርሳስ አልያዘችም፣ ሌላ መንገድ አለ ወይ?» ማለት መብታችሁ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ሊቆጣ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሰውየው ትናንት ደህና ሆኖ ዛሬ ከተምታታበት፣ ከቀባዠረ፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ከደነዘዘ፣ ወይም ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ይህ ኤም ሲ አይ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

እናትየውን ከስድስት ወር በኋላ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል በድጋሚ አየኋቸው። አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ በቀስ አቁመናል፣ የግፊት መድኃኒት ጀምረዋል፣ ልጁ ደባርቅ ያለች እህቱን መድኃኒቱን በየማታው እንድታስታውሳቸው አድርጓል። ከአምስቱ ቃል ሦስቱን መለሱልኝ። ወሬ መድገሙ አልጠፋም፤ ቀንሷል። የማኅበሩን ተራ ዘንድሮ ደግሰዋል፣ ቀኑን ግን ያስታወሰቻቸው ልጃቸው ናት። ልጁ «ዳኑ ማለት ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ በየስድስት ወሩ እናያቸዋለን። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው «ዶሮ እኮ አሁን ሺህ ገብቷል» አሉኝ።